የዩኑስ ዓሣ

ባለፈው እሑድ የልጄ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ሜልተን በሚባለው የሜልበርን ዳር ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጣና ሳምቡሳ አቀረብኩለት። «ኖ፣ ታንክስ» አለኝ። ደግሜ አቀረብኩ፤ አሁንም «ኖ» አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ሳህኑን ሳነሳ ልጄ ዓይኗን አፍጥጣ፣ «ዳድ፣ ሂ ሴድ ኖ» አለችኝ። ሳህኑን አስቀመጥኩት፤ ሐሳቤ ግን ወደ አባቴና ወደዚያ የባሕር ዳርቻ ሎጅ ሄደ።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ፤ እዚሁ ሜልበርን፣ ኮሊንግዉድ ሰፈር ፎቅ ላይ ከአባቴ ጋር እየኖርኩ ብሬብሩክ ሰፈር ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በሺፍት እሠራ ነበር። አባቴ የወሎ ሰው ናቸው፤ ባሕርን ከአውሮፕላን መስኮት በቀር አያውቁትም። አንድ ነገር ግን አጥብቀው ይመኙ ነበር፤ ነቢዩ ዩኑስን የዋጠውን ዓይነት ዓሣ በዓይናቸው ማየት። ዓሣ ነባሪ በክረምት ወደ ዳርቻው እንደሚጠጋ ከሰሙ ወዲህማ ሌላ ወሬ የላቸውም። እኔም የመጀመሪያ ፈቃዴን ስወስድ፣ ጫካ መሐል ያለ፣ የዝናብ ውኃ የሚጠጣበትና መብራቱ ከፀሐይ የሚገኝ ሎጅ ቡክ አደረግሁ።

ሐምሌ ነበር፤ የሜልበርን ብርድ አጥንት የሚገባበት ወር። መንገዱ ከባሕሩ ጋር እየተጠማዘዘ ሲሄድ አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዓይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም። ሲመሽ በራችን ላይ ካንጋሮ ሣር ሲግጥ አይተው፣ «ይሄስ ሲቆም ሰው ነው» አሉ። የሥጋው ሐላልነት አሳስቧቸው ከቤት ዳቦ አስጭነውኝ ነበር። በማግሥቱ ግን ጀልባ ከሚታሰርበት የእንጨት መድረክ ላይ ሆነው በመንጠቆ ዓሣ ያዙ። «ይሄ ማረድ አይጠይቅም፤ ቢስሚላህ ብሎ መብላት ነው» እያሉ በበርበሬ አሽተው ጠበሱት።

ዓሣ ነባሪ ልታሳይ የምትወጣው ጀልባ ግን ሞልታ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እኔ ባሕር ውስጥ የመጥለቅ፣ የዳይቪንግ ትምህርት ነበረኝ፤ «ሂድ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ውኃውን አያለሁ» አሉኝ አባቴ።

ከውኃው በታች ያለውን ዝምታና ሲወዛወዝ የነበረውን የባሕር አረም ዛሬም አስታውሳለሁ። ስወጣ ጀልባዋ ርቃለች። አባቴ ጫማቸውን አጥብቀው አስረው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ለመንገድ እንደተነሳ ሰው መድረኩ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጀልባ ነጂው መጥቶ ነበር» አሉኝ። «አንድ ሰው ቀርቶበት ባዶውን ወንበር አሳየኝ።»

«ታዲያስ?»

«ኖ፣ ታንክ ዩ አልኩት።»

«ምነው አባባ፣ ለዚህ አይደል እንዴ የመጡት?»

«ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ ነዋ» አሉ ቀስ ብለው።

ባደጉበት አገር በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ብሎ መነሳት ነውር ነው። ሰው ይለመናል፣ «በሞቴ» ይባላል፣ እጁ ይጎተታል፤ ያኔ የተሸነፈ መስሎ ይነሳል። ለጀልባ ነጂው ደግሞ ነውሩ አይሆንም ያለን ሰው መጨቅጨቅ ነው። ሁለት ጨዋ ሰዎች ተከባብረው ተለያዩ። በማን ይፈረዳል? የሚፈረድበት ሰው ማጣቴ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ጀልባዋ ስትመለስ የሰዎቹ ፊት በርቶ ነበር። ዓሣ ነባሪዋ ከነልጇ አጠገባቸው ድረስ መጥታ ኖሯል። አባቴ፣ «ዓይኗን አይተውት እንደሆነ ጠይቅልኝ» አሉ። አንዲት ሴትዮ፣ የብርቱካን ያህል ነው አለች። ተረጎምኩላቸው። መዳፋቸውን ጎድጎድ አድርገው ትንሽ አዩትና፣ «ሱብሐነላህ» አሉ።

በማግሥቱ ንፋስ ተነስቶ ጀልባ አልወጣም፤ የመመለሻችን ቀንም ነበር። «የከርሞ ሰው ይበለን» አሉኝ መኪና ውስጥ። ለከርሞ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም።

እሑድ ዕለት እንግዳው ሊሄድ ሲነሳ ሳህኑን ይዤ በሩ ላይ ጠበቅሁት። «በሞቴ» አልኩት፣ በአማርኛ። ምን እንዳልኩት አልገባውም፤ ፈገግ ብሎ ግን አንድ ሳምቡሳ አነሳ። ልጄ በኀፍረት አንገቷን ደፋች። ትፈር። አባቴንም ሁለተኛ የሚጠይቃቸው አንድ ሰው ቢገኝ ኖሮ ያንን ዓይን አይተው ይሞቱ ነበር።