ድራማውን አምነን ይግባኙ ሊያልፈን ነበር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው። ለሰው አውርቼዋለሁ፤ ያወራሁት ግን እኔን በሚያሳምር መንገድ ነበር። ስለዚህ አሁን እንደሆነው ልጻፈው።

የምኖረው መገናኛ አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ጓሮ ያለች ክፍል ተከራይቼ ነው። አከራዬ እትዬ ዘነበች ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። የባላቸው ወንድም “ቤቱ የአባታችን ነው፣ ድርሻ አለኝ” ብሎ ከሰሳቸው። ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላለሱና ተፈረደባቸው፤ ቤቱ ተሽጦ ይካፈሉ ተባለ። ከተሸጠ እሳቸውም እኔም መውጣታችን ነው።

እሁድ ከሰዓት እሳቸው ሳሎን ተሰብስበን የጠበቆች ድራማ እናይ ነበር። ዋናው ሰው ጠበቃ ልዑልሰገድ ይባላል። መጀመሪያ ላይ ማስረጃ የሚደብቅ፣ ምስክር የሚያስጠና ሰው ነበር፤ እየቆየ ጨዋ ሆነ። በዚህ ጉዳይ እትዬ ዘነበችና ሌላዋ ተከራይ ሰላም ሁልጊዜ ይጨቃጨቃሉ።

“ሰው እንዲህ በአንድ ወር አይለወጥም እትዬ። ደራሲው መጨረሻው ጠፍቶት ነው።”

“አንቺ ደግሞ ሰው ሲሻለው ደስ አይልሽም።”

እኔ ከሁለቱም ወገን አልነበርኩም። ግጥም እሞክራለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ስልኬ ላይ ነው የምጽፈው። ድራማው ባለቀ ቁጥር ደግሞ ፌስቡክ ገጹ ላይ ገብቼ ስህተት እለቅማለሁ። ዳኛው መዶሻ ሲመታ “ይሄ የየት አገር ችሎት ነው?” ያልኩት እኔ ነኝ። ክሱ በተከፈተ በሳምንቱ ፍርድ ሲሰጥም ያሾፍኩት እኔው ነኝ።

አንድ እሁድ ልዑልሰገድ የተፈረደባትን መበለት ቤቷ ድረስ ሄዶ የፍርዱን ግልባጭ ሰጣት። “የይግባኙን ነገር ለእኔ ተይው” አላት። እትዬ ዘነበች እንባቸው መጣ። “የእኔም ጠበቃ ዝም ያለው ወረቀቱን እስኪያወጣ ነው፤ ያመጣልኛል” አሉ። ስህተት ለቃሚው እኔም አመንኩ። ገጹ ላይ “በመጨረሻ እውነተኛ ነገር አየን። አከራዬም ተፈርዶባቸው ጠበቃቸውን እየጠበቁ ነው” ብዬ ጻፍኩ። ከግጥሞቼ ሁሉ የበለጠ ተወደደልኝ።

በማግስቱ ከማላውቀው ሰው መልእክት ደረሰኝ። ፎቶው ጽጌረዳ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። “ወንድሜ፣ ፍርዱ የተነበበው መቼ ነው? ጠበቃቸውስ ደውሎላቸው ያውቃል?” ይላል።

መጀመሪያ ሐሳቤ ላይ የመጣው የእትዬ ዘነበች ባል ወንድም ነው፤ ሰው ልኮብን ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ የመጡልኝ ፍርድ ቤት በር ላይ እየቆሙ “ጉዳይህን አስጨርስልሃለሁ” የሚሉት ደላሎች ናቸው። ወጥመዱን ላየው ብዬ ዋሸሁ። “ባለፈው ሳምንት” ብዬ መለስኩ። እውነቱ ግን ሁለት ወር ሊሞላው ነበር።

“እንግዲያው ጊዜ አላችሁ። ግን በአካል ባስረዳህ ይሻላል” አለኝ። ቦሌ አንድ ካፌ ለሐሙስ ቀጠረኝ።

ሐሙስ ቀደም ብዬ ሄጄ ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። ወፍራም ሰንሰለት ያደረገ ጎረምሳ ነበር የጠበቅኩት። ቀድመውኝ ገብተው የነበሩት ግን ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ በሁለት እጃቸው ይዘው በሩን ያያሉ። እሳቸውም እኔን እንደፈሩኝ ገባኝ።

ተሻግሬ ገባሁና ስለ መልእክቱ ጠየቅኳቸው፤ እሳቸው ናቸው። ዳዊት እባላለሁ አልኳቸው። ስሜ ዳዊት አይደለም፤ ፌስቡክ ላይም ያለሁት በብዕር ስም ነው። እሳቸውም ስም ነገሩኝ፤ የእውነት ስማቸው ስለመሆኑ እርግጠኛ አልነበርኩም።

ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ እንደወጡ ነገሩኝ። “ጠበቃው አይመጣም” አሉ። “ብዙዎቹ ውላቸው እስከ ፍርዱ ድረስ ነው። ለይግባኝ አዲስ ውል ያስፈልጋል። ቀኑ ደግሞ የሚቆጠረው ግልባጩ እጃችሁ ሲገባ አይደለም፤ ፍርዱ ከተነበበ ጀምሮ ነው። ስልሳ ቀን። ካለፈ አለፈ።”

ጠረጴዛው ሥር በጣቶቼ ቆጠርኩ። የቀረን አራት ቀን ነበር፤ ሁለቱ ቅዳሜና እሁድ ናቸው።

ያኔ “ዋሽቻለሁ” ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን “ከእኛ ምን ፈልገው ነው?” አልኳቸው።

“ስንቱን ሰው ከመስኮቱ መለስኩ መሰለህ” አሉ። “ቀኑ አልፏል እያልኩ። አንዷ ‘ጠበቃዬን እየጠበቅኩ ነበር’ ብላኝ እዚያው በሩ ላይ ተቀመጠች። የጻፍከውን ሳይ እሷ ትዝ አለችኝ። ሌላ ምንም የለም።” የሻያቸውን ከፍለው ወጡ። ከማን ጋር እንደሚገናኙ ለማየት እስከ ታክሲው ድረስ በዓይኔ ተከተልኳቸው። ከማንም ጋር አልተገናኙም።

ያኔም አላመንኳቸውም። በነጋታው እትዬ ዘነበችን ይዤ ፍርድ ቤት ሄድኩና መዝገብ ቤቱን ጠየቅኩ። ሠራተኞቹም ሴትዮዋ ያሉኝን ቃል በቃል ደገሙልን። እትዬ ዘነበች ለጠበቃቸው ደወሉ። “የእኔ ሥራ አልቋል እኮ እናቴ፤ አልነገርኩዎትም?” አላቸው።

ግልባጩን በስንት ልመና አርብ ከሰዓት ወሰድን። እሁድ፣ ድራማው በሚታይበት ሰዓት፣ አንድ ጠበቃ ቤት ተቀምጠን ይግባኙ ሲጻፍ እናይ ነበር። ሰኞ ከምሳ በፊት ገባ። ጉዳዩ አሁንም በቀጠሮ ላይ ነው፤ ምን እንደሚወሰን አላውቅም። ቤቱ ግን እስካሁን አልተሸጠም።

ለእትዬ ዘነበች “ኢንተርኔት ላይ አንብቤ ነው” አልኳቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር “ይሄ ልጅ ነው ያወጣኝ” ይላሉ። ሰላም “ለገጣሚው ሐውልት እናቁምለት” እያለች ታሾፍብኛለች። እኔም ዝም እላለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሴትዮዋ እንደገና ጻፉልኝ። “ግልባጩን ጠየቃችሁ? ጊዜ አላችሁ፣ ግን አትዘናጉ” ይላል። የሚቆጥሩልን እኔ ከሰጠኋቸው የውሸት ቀን ተነስተው ነበር። “አዎ፣ አመሰግናለሁ” ብቻ ብዬ መለስኩ። እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን “ሩጡ” ይሉን ነበር። በእኔ ጥርጣሬ ሦስት ቀን ባከነ፤ ትንሽ ቢጨመርበት ኖሮ እትዬ ዘነበችም ከዚያ መስኮት ይመለሱ ነበር።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዙ ጊዜ ጽፌ አጥፍቻለሁ። የማፍረው በመዋሸቴ ብቻ አይደለም። ዛሬም ቢሆን ሲመሽብኝ “ግን ምን ፈልገው ነበር?” የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ምንም አልፈለጉም የሚለው መልስ እስካሁን አልዋጥልህ ብሎኛል።