የሳክስፎን ተጫዋቹ ምሥጢር

ለሬዲዮ የጃዝ ሙዚቀኞችን ማነጋገር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ስለ አጀማመራቸው፣ ስለ መሣሪያቸው፣ ስለ ኑሯቸው እጠይቃለሁ፤ ያወሩኝን አሳጥሬ አቀርባለሁ። ካነጋገርኳቸው ሁሉ ከሐሳቤ የማይወጡት ግን ላሊበላ ያገኘኋቸው ሳክስፎን ተጫዋች ናቸው።

የተወለዱት ላስታ ውስጥ፣ ኩልመስክ አካባቢ ነው። በወጣትነታቸው ወታደር ሆነው በጦሩ የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ሳክስፎን ተማሩ፤ ከዚያ አዲስ አበባ በየክበቡ ሲጫወቱ ብዙ ዘመን ኖሩ። ዕድሜያቸው ሲገፋ ከባለቤታቸው ጋር ወደ ላስታ ተመለሱና ላሊበላ አንድ ሆቴል ውስጥ ከሰዓት በኋላ ለእንግዶች መጫወት ያዙ። ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳው ሳስቷል። እሳቸው ግን ሰው ኖረም አልኖረም በሰዓታቸው ይገኙ ነበር።

የሄድኩት በጥቅምት ነው። በሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠን መቅረጫዬን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«የአንቺሆዬን ቅኝት ፒያኖ ላይ ብትፈልጊው በትክክል አታገኚውም» አሉኝ። «በሁለት ቁልፎች መካከል ነው ያለው። እኔ ከንፈሬን ትንሽ ላላ ሳደርግ ይመጣልኛል። ጃዝ ስንጫወት ፒያኒስቱ ጓደኛዬ በዚህ ይቀናብኝ ነበር።»

ሁለት ሰዓት ያህል አወራን። ጥያቄዬን ጨርሼ አመሰገንኳቸው። ሳክስፎናቸውን እየወለወሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«አሁንማ ከፍ ያለውን ድምፅ ማውጣት አቅቶኛል። መሣሪያውን የሚይዘው የላይ ጥርስ ነው፤ የኔ ሁለቱ እየተነቃነቁ ነው። እዚያ ቦታ ስደርስ ዝቅ አድርጌ አልፈዋለሁ። ሰዉ አዲስ ስልት ያመጣሁ ይመስለዋል።» ሳቁ። «ባለቤቴም አታውቅም።»

የመቅረጫዬ ቀይ መብራት አልጠፋም ነበር። አይቼዋለሁ። እጄን ብዘረጋ ይደርስ ነበር፤ አልዘረጋሁም።

አዲስ አበባ ተመልሼ ስሰማው ከሁለት ሰዓቱ ወሬ ሁሉ የሚበልጠው ያ ሆነብኝ። ደውዬ ልጠይቃቸው አሰብኩ። እምቢ ይሉኛል ብዬ ፈራሁና ተውኩት። የዝግጅቱ መጨረሻ አደረግሁት።

ከተሰራጨ በሦስተኛው ቀን ከሆቴሉ አንዲት ሠራተኛ ደወለችልኝ። ሥራ አስኪያጁ ሰምቶ «እስቲ ትንሽ ይረፉ» ብሏቸዋል። ከዚያ ወዲያ አልመጡም። ለእሳቸው ብደውል ስልኩን አያነሱም። አለቃዬን ለምኜ ዝግጅቱ ከድረ ገጹ እንዲወርድ አደረግሁ፤ ግን በየሰዉ ስልክ ገብቶ ነበር።

በኅዳር ተመልሼ ሄድኩ። በፍላቂት አድርጌ፣ ጋሸና ላይ መኪና ቀይሬ ላሊበላ ደረስኩ። ቤታቸው ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ናቸው። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

«ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ያልነገረኝን ላንቺ ነገረሽ» አሉ። «እኔ ከጎረቤት ጋር ቁጭ ብዬ ከሬዲዮ ሰማሁት።»

ሳክስፎን ተጫዋቹ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አስቆሙኝ።

«ተይ፣ ተይ።»

«ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ። ሳልጠይቅዎት ነው ያወጣሁት።»

«ውሸት ተናገርሽ አልልም» አሉ። «ግን ለገና የድሮ ጓደኞቼ ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው። ከእነሱ ጋር አንዴ ተጫውቼ፣ ከዚያ በራሴ አፍ ‹በቃኝ› ልል ነበር። እሱን ነው የወሰድሽብኝ።»

«ሌላ ዝግጅት ልሥራ? የሚፈልጉትን ብቻ ይናገሩ።»

«ደግሞ ሬዲዮ?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ባለቤታቸው ውኃ ሰጡኝ፤ ቆሜ ጠጥቼ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለእሳቸው ይሁን ለራሴ አላውቅም።

በገና ማግስት ጓደኞቻቸው እዚያው ሆቴል ሲጫወቱ እኔም ከኋላ ቆሜ ነበር። መቅረጫ አልያዝኩም። ፒያኒስቱ ጓደኛቸው እጃቸውን ይዘው ወደ መድረኩ አወጧቸው። እሳቸውም አንቺሆዬን ጀመሩ፤ ታችኛውን ድምፅ ቀስ አድርገው፣ ሳይቸኩሉ ነፉ። ከፍ የሚለው ቦታ ሲደርስ ሳክስፎኑን ከአፋቸው አነሡና ለፒያኖው ለቀቁለት። ለገና የመጡት ፈረንጆች ደስ ብሏቸው አጨበጨቡ። ጓደኞቻቸው አላጨበጨቡም፤ ፒያኒስቱ አቀርቅረው ይጫወቱ ነበር።

ሲያበቃ ተጠግቼ «ጋሼ፣ እንኳን አደረሰዎት» አልኳቸው።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አሉኝ። የጋሸና መንገድ ሰላም እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ሰላም ነው አልኳቸው። ሳክስፎናቸውን ሳጥኑ ውስጥ ከተው ዘጉና ባለቤታቸውን «እንሂድ» አሏቸው። ባለቤታቸው ቀና ብለው አላዩኝም።