ባሕር ሸሽ ላይ የተዘራ ጎመን

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። የልጅ ልጆቼ «አያታችን ሐቀኛ ናት» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት በቆጠርሁት ፊደል ልጽፈው ተነሣሁ።

ቤታችን ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ጣና ዳር ነበር። ባለቤቴ አዳሙ ዓሣ ያጠምዳል፤ እኔ ባሕር ሸሹን፣ ውሃው በበጋ ሲሸሽ የሚተወውን መሬት እቆፍራለሁ። የገበሬ ማኅበሩ በገመድ ለክቶ ሲያከፋፍል አንድ ክንድ ከተዛባ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ እንደገና ይለካ» የምለው እኔ ነበርሁ። ለራሴ በዝቶ ሲመጣም እንዲሁ።

አንድ ዓመት ለቡልጋሪያ ባልና ሚስት አጠገባችን ቤት ተሰጣቸው። ባልየው ከተማ ያስተምራል። ሚስቱ ኤሌና ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወፍ ስታይ ትውላለች። «ነይ፣ እይ» ስትለኝ «ሥራ አለኝ» እላታለሁ። መጋቢት ሲያልቅ «በእኛ አገር አሁን ብርዱ ይወጣል፣ ሰው ሁሉ ይዘራል» ብላ ውሃው ጫፍ ላይ ጥቅል ጎመንና ቀይ ሥር ዘራች።

የቆፈረላት አዳሙ ነው። የእኔን ማሳ አረም ሲውጠው «ወገቤን» የሚለው አዳሙ። በታንኳው ይዟት ከነባሏ ይሄድና ማታ «ዛሬ ዘውድ የደፋ ወፍ አሳየኋት» ይለኛል።

«ዘውድ ወርዷል ሲባል አልሰማህም?» አልሁት።

ሳቀ። ሃያ ዓመት አብሬው ስኖር ስለ ወፍ አንድ ቀን አውርቶኝ አያውቅም።

«ለእኔስ መቼ ነው የምትቆፍርልኝ?»

«አንች እኮ የቤት ሰው ነሽ፤ እሷ እንግዳ ናት።»

ይች ቃል ሆዴ ገብታ ቀረች።

ከጥቂት ቀን በኋላ «ውሃው በክረምት እንደሚመለስ ነግረሻታል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ነግሬያታለሁ» አልሁ። አልነገርኋትም። በየጠዋቱ የጎመኗን ማማር እያየሁ በልቤ «ቆይ፣ ክረምቱ ይምጣልሽ» እል ነበር።

ሰኔ ሲገባ ወባ ጣለኝ። አዳሙ ደቅ ደሴት ሄዷል። በቆሎየ እሸት ይዟል፤ ወፍ የሚጠብቅልኝ ሰው የለም። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቅ ሲያደርገኝ ከማሳው «እሽ! እሽ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እየተንገዳገድሁ ወጣሁ። ኤሌና ናት። ወንጭፍ ባነሣሁ ቁጥር «ተይ፣ ኃጢአት ነው» የምትለኝ ሴት፣ ሻሿን እያውለበለበች ወፎቿን ታባርራለች። ፊቷ በፀሐይ ቀልቷል። ሦስቱንም ቀን እዚያው ነው የዋለችው።

ይህን አይቸም ደስ አላለኝም። ደግነቱም የእሷ ሆነ ብየ ቀናሁ። ግን ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልሁም።

«ኤሌና፣ ባሕሩ ይመለሳል። እዚህ ድረስ» ብየ ከጎመኗ በላይ ያለውን ድንጋይ አሳየኋት።

ድንጋዩን አየችው። «መቼ አወቅሽ?»

«ስትዘሪም አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ባሌ ስለቆፈረልሽ።»

መነጽሯን ከአንገቷ አውልቃ በሻሿ ስትጠርግ ቆየች። ከዚያ ቤቷ ገባች።

በማግስቱ ዶማ ይዤ ሄድሁ። ከማሳየ ላይኛውን ጫፍ ለቀቅሁላት፤ ጎመኑን ከነአፈሩ እያነሣን ተከልነው። አብዛኛው ጠወለገ። በቆሎው ሲደርስ እኩሌታውን በእንቅብ ተሸክሜ ደጇ አደረስሁ። ሦስት እሸት ብቻ አነሣች።

«ሦስት ቀን ጠበቅሁ» አለችና የቀረውን መለሰችልኝ።

ነሐሴ ላይ ውሃው ድንጋዩ ጋ ደረሰ። ጎመን በነበረበት ዳክየ ይዋኝ ነበር። ኤሌና በመነጽሯ ታያለች፤ እኔን ግን እንደ ድሮው «ነይ፣ እይ» አላለችኝም።

አዳሙ ካረፈ ቆይቷል፤ በእሱ የቀናሁት ቅናት አብሮት ተቀበረ። የሦስቱ እሸት ቅናት ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። እኔ በምታወቅበት በለጠችኝ። አሁን አዲስ ጎረቤት ሲመጣ፣ ዕቃው ሳይራገፍ መጀመሪያ ወደዚያ ድንጋይ ነው ይዤው የምሄድ።