ዘጠኙን የክላራ ደብዳቤዎች ሳን ሆዜ ስናደርስ

በሰኔ መጀመሪያ አንድ ማክሰኞ ከኦክላንድ ተነሥተን ሳን ሆዜ ደርሰን ተመለስን። በባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ መንገድ ነው። አብሬያቸው የሄድኩት ሚስስ ሩት ግን ይህን መንገድ ለመጀመር ሰባ ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

እኔ ኬርጊቨር ነኝ፤ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ እጦራለሁ። ሚስስ ሩት የዘጠና ሁለት ዓመት ሴት ናቸው፤ ከያዝኳቸው ሦስት ዓመት አለፈኝ። የጉዟችን ምክንያት ዘጠኝ ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤዎቹን ከቪየና የጻፈቻቸው አክስታቸው ክላራ ናት። አይሁዳዊት ነበረች። ናዚዎች ከተማዋን ከያዙ በኋላ ኦክላንድ ለሚኖረው ወንድሟ፣ ማለትም ለሚስስ ሩት አባት፣ ከዚያ አገር እንዲያወጣት እየለመነች ጻፈች። ሳትወጣ ቀረች፤ ተገደለችም። የስድስት ዓመት ልጇን ግን አስቀድማ ወደ እንግሊዝ አገር ልካው ስለነበር እሱ ተረፈ። ያ ልጅ ዛሬ ሳን ሆዜ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ያሉት ሚስተር ፍሬድ ናቸው። እናታቸው እነዚህን ደብዳቤዎች እንደጻፈች አያውቁም ነበር።

ኦክላንድ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት

ከሳን ሊያንድሮ በባርት የከተማ ባቡር መጥቼ አፕታውን ሰፈር ያለው አፓርታማቸው ስደርስ ሚስስ ሩት ለባብሰው፣ ሊፕስቲካቸውን ተቀብተው፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው በር ላይ ተቀምጠዋል። ቁርስ አልበላም አሉ። የልብ መድኃኒታቸው በባዶ ሆድ አይወሰድምና ተከራክረን፣ ተከራክረን ግማሽ ሙዝ በሉ።

ደብዳቤዎቹ ጭናቸው ላይ ነበሩ። የኢንሹራንስ ወረቀት በምናስቀምጥበት ፋይል የመጨረሻ ኪስ ውስጥ ነው ለካ የኖሩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ያን ፋይል በየሳምንቱ ስከፍት ስዘጋ ኖሬ አንድም ቀን ልብ አላልኩም።

«ዛሬ የሚበቃ ጉልበት አለዎት? ሌላ ቀን ብናደርገውስ?» አልኳቸው።

«የፍሬድ ልጅ ደውላልኛለች። እየደከመ ነው። ሌላ ቀን፣ ሌላ ቀን እያልኩ ነው እዚህ የደረስኩት» አሉ።

ሰማዩ ግራጫ ነበር። የባሕሩ ጉም ገና አልተነሣም። ዊልቸራቸውን ታክሲ ኋላ ላይ ጭነን ወደ ወደቡ አጠገብ ወዳለው ባቡር ጣቢያ ወረድን።

ባቡሩ ላይ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል

ተቆጣጣሪው መወጣጫ አምጥቶ በትሕትና አሳፈረን። ከኦክላንድ በስተ ደቡብ ባቡሩ የከተማዋን ጀርባ እያሳየ ነው የሚሄደው። ዝገት የበላቸው ኮንቴይነሮች፣ የመጋዘን ጀርባዎች፣ ከሐዲዱ አጥር ሥር የተተከሉ የቤት አልባዎች ድንኳኖች። በአንዱ ድንኳን ደጃፍ አንዲት ሴት በጠርሙስ ውኃ ፊቷን ትታጠባለች።

ሚስስ ሩት የመጀመሪያውን ደብዳቤ አውጥተው ጀርመንኛውን ወደ እንግሊዝኛ እየመለሱ ያነቡልኝ ጀመር። ጀርመንኛውን የተማሩት ከአባታቸው ነው። ክላራ በመጀመሪያው ደብዳቤ ስለ ጤና ትጠይቃለች፤ ሩት ጥርሷን መንቀል ጀመረች ወይ ትላለች። ወደ መጨረሻው ላይ፣ እንደ ቀልድ፣ «ስለዚያ ወረቀት ብታስብልኝ» የሚል አንድ መስመር አለ።

«ምን ወረቀት?» አልኩ።

«አፊዳቪት። አሜሪካ ያለ ዘመድ በመሐላ የሚፈርመው የዋስትና ወረቀት ነው። ይህች ሴት ብትመጣ እኔ አለሁላት ማለት ነው። ያለ እሱ ቪዛ አይታሰብም ነበር።»

ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ያ አንድ መስመር ግማሽ ገጽ ሆኗል። አምስተኛው ላይ ስለ ጤና የሚጠይቅ ነገር የለም። የምትሠራበትን ሱቅ ናዚዎች ከባለቤቶቹ ነጥቀዋል፤ ከቤቷ ወጥታ ከሦስት ቤተሰብ ጋር አንድ ክፍል ትኖራለች። ከዚያ ሰባተኛውን አነበቡልኝ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ወንድሜ ሆይ፣ አይቻልም ከሆነ አይቻልም ብለህ ጻፍልኝ። አልቀየምህም። ሌላ በር አንኳኳለሁ። የአንተን መልስ ስጠብቅ ግን ሌላውን በር ሁሉ ተውኩት።»

ባቡሩ ፍሪሞንትን አልፎ የጨው ኩሬዎቹ መሀል ገብቷል። በግራም በቀኝም ጭቃና ውኃ ብቻ ነው፤ ነጫጭ ወፎች አንገታቸውን ቀብረው ቆመዋል። ሰው ጥሏቸው የሄደ የእንጨት ቤቶች ግማሽ ጎናቸው ረግረጉ ውስጥ ሰምጧል።

«አባትዎ ለምን አልፈረሙም?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ፈርቶ ነዋ። ይህ አገር የገባው በሞተ ዘመዱ ወረቀት ነበር። ስሙ የእሱ ስም አልነበረም። አፊዳቪቱ ላይ መች መጣህ፣ በምን መጣህ የሚል ጥያቄ አለ፤ በመሐላ ነው የሚመለሰው። ቢያጣሩ እኔንም እናቴንም ይዞ የሚባረር መሰለው። ቅጹን አምጥቶ ኩሽና ውስጥ አስቀምጦት ነበር። በእርሳስ ግማሹን ሞልቶታል።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልጻፉላትም?»

«ደብዳቤው በመንገድ ይከፈታል ብሎ። ከዚያ አፈረ። ሲያፍር ደግሞ ይበልጥ ዝም አለ።» ሰባተኛውን ደብዳቤ አጠፉት። «ከጦርነቱ በኋላ ፍሬድ ፈልጎ አገኘን። አባቴ አንድም ደብዳቤ አልደረሰኝም፣ ጦርነቱ ፖስታውን ዘጋው አለው። እኔ እዚያው ማዕድ ላይ ተቀምጬ ነበር።»

ሳን ሆዜ፣ እኩለ ቀን ሲቃረብ

ሳን ሆዜ ላይ ጉም የለም። ፀሐዩ አስፋልቱ ላይ ያንጸባርቃል፤ ሚስስ ሩት ግን ካፖርታቸውን አላወልቅም አሉ። ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለ ትንሽ ምግብ ቤት በአሥራ ስድስት ዶላር አንድ ሳህን የዶሮ ሾርባ አዝዘን ለሁለት ተካፈልን። እሳቸው ሦስት ማንኪያ ቀምሰው ተዉት። «እንሂድ» አሉ።

የአረጋውያን መኖሪያው ባለ አንድ ፎቅ፣ ደጁ በጽጌረዳ የተከበበ ነው። የሚስተር ፍሬድ ልጅ ሊሳ በር ላይ ተቀበለችን። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። አባቷ መስኮት አጠገብ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጥለው ተቀምጠዋል። ቆዳቸው ስስ ነው፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነው።

«ሩቲ! ዛሬም ሊፕስቲክ?» ብለው ሣቁ።

ሚስስ ሩት አልሣቁም። ፋይሉን ጉልበታቸው ላይ አኖሩላቸው። «ፍሬድ፣ እናትህ የጻፈቻቸው ናቸው። ለአባቴ።»

«አጎቴ አንድም አልደረሰኝም ነው ያለኝ።»

«ደርሶታል።»

«ስንቱ?»

«ዘጠኙም።»

ሚስተር ፍሬድ አንዱን ፖስታ አነሡ። ማዕዘኑ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው። ጣታቸውን በቀዳዳው አሾለኩት። ሁለተኛውንም አነሡ፤ እሱም እንደዚያው ነው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቴምብሩ የነበረበት ነው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ልጅ ሳለሁ ቴምብር እሰበስብ ነበር። ፖስታ ሲመጣ ከሳጥኑ የማወጣው እኔ ነበርኩ።»

ሚስተር ፍሬድ ሁለቱን ፖስታዎች ጎን ለጎን አደረጉ። ኮሪደሩ ላይ የምሳ ጋሪ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል።

«እንግዲያው ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ቤታችሁ እየመጣሁ እራት ስበላ? ሊሳ ስትወለድ?»

«አዎ።»

ሊሳ ተነሥታ «አባዬ፣ ዛሬ ይብቃ» አለች። እሳቸው እጃቸውን አንሥተው አስቀመጧት። «አንብቢልኝ» አሏቸው ሚስስ ሩትን። «ጀርመንኛዬን እንግሊዝ አገር ነው ትቼው የመጣሁት። እናቴ ምን እንዳለች ሌላ ሰው ካላነበበልኝ አላውቅም።»

ሚስስ ሩት ከመጀመሪያው ጀመሩ። ውኃ ሰጠኋቸው። አራተኛው ደብዳቤ ላይ፣ በባቡር ሳሉ ለእኔ ያላነበቡልኝ ላይ ሲደርሱ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ቀጠሉ።

«ትንሹን ልኬዋለሁ። ጣቢያው ላይ እጁን ቶሎ ለቀቅሁት። ጥቂት ብዘገይ እንደማልለቀው ስላወቅሁ ነው። ከፍ ሲል ይህን ንገሩት።»

«ድገሚው» አሉ ሚስተር ፍሬድ።

ደገሙት።

«አሁንም።»

ሦስተኛ ጊዜ ሲነበብ ሊሳ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ነበር። እኔ የት እንደምቆም ጠፍቶኝ የዊልቸሩን እጀታ ይዤ ቀረሁ።

«ስለሰለቸኋት የለቀቀችኝ ይመስለኝ ነበር» አሉ ሚስተር ፍሬድ። «ቀኑን ሙሉ አልቅሼባት ነበር። በቃ፣ ሰልችታኝ ነው እያልኩ አደግሁ። አባትሽ መፍራቱ ይገባኛል። ልጆች ነበሩት። ኋላ ግን፣ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ አንቺ ምን ነበር የሚያስፈራሽ?»

«አንተን ማጣት» አሉ ሚስስ ሩት።

ሚስተር ፍሬድ ቀጣዩን ደብዳቤ አቀበሏቸው። የቀሩትንም አስነበቡ። ዘጠነኛው ሦስት መስመር ብቻ ነው። «ወደ ሌላ ቦታ ሊወስዱን ነው ይላሉ፤ አዲሱን አድራሻ ሳውቅ እጽፍላችኋለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ የመጣ ደብዳቤ የለም።

ሚስስ ሩት እጃቸውን ወደ እሳቸው ዘረጉ። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ፍሬድ።»

«ዛሬ አትጠይቂኝ» አሉ፤ በቁጣ አልነበረም። «ዛሬ ከእናቴ ጋር ልቀመጥ።» ደብዳቤዎቹን ደረታቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። እኛም ወጣን።

የመልስ መንገድ፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት

ባቡሩ ከሥራ በሚመለስ ሰው ተሞልቷል። ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ሚስስ ሩት ባዶ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ተቀምጠዋል። ቀለል ያላቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አላለኝም» አሉ። «ቀለል የሚለኝ መስሎኝ ነበር።» ወደ እኔ ዞረው፣ «ሰባተኛውን ሳነብልሽ ፊትሽን አዞርሽ። ለአንቺስ የምትጽፍልሽ አለች?» ብለው ጠየቁኝ።

ሰውን የመጦር ሥራ ሠራተኛው የሚጠየቅበት ሥራ አይደለም። እኔ ግን ነገርኳቸው። የአጎቴ ልጅ ሰብለ ካርቱም ሰው ቤት ትሠራ ነበር። የሱዳኑ ጦርነት ሲነሣ በእግርም በመኪናም ተጉዛ ካምፓላ ገባች። እዚህ ያሉ ሰዎች ተሰባስበው ስደተኛ የሚያስመጡበት መንገድ እንዳለ ሰምታ «እቴቴ፣ ስፖንሰር ሁኚኝ» አለችኝ። ብቻዬን አልችልም፤ ሌሎች ሰዎች ማስተባበር ነበረብኝ። የቤተ ክርስቲያናችንን ሰዎች መጠየቅ ከበደኝ። እምቢ ማለትም ከበደኝ። ስለዚህ ዝም አልኩ። የምትልክልኝን የድምፅ መልእክት ቶሎ እንዲያልቅልኝ ፍጥነቱን ጨምሬ ነበር የምሰማው። በዚህ መሀል መንግሥት ፕሮግራሙን ዘጋው።

«ተዘግቷል ብለሽ ነገርሻት?»

«አልነገርኳትም።»

ሚስስ ሩት አልገሠጹኝም። እጃቸውን እጄ ላይ አድርገው እስከ ኦክላንድ አላነሡትም። ቤታቸው አስገብቼ፣ መድኃኒታቸውን ሰጥቼ፣ የማታዋ ተረኛ ስትመጣ ወጣሁ።

ሳን ሊያንድሮ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት

እኔ ዘንድ ሲመሽ ካምፓላ ይነጋል። ጫማዬን ሳላወልቅ ደወልኩ። በሁለተኛው ጥሪ አነሣችው።

«እቴቴ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ ሰብልዬ።»

«በዚህ ሰዓት ስትደውዪ ጊዜ ደነገጥኩ እኮ። ደህና ነሽ?»

ደህና ነኝ ብዬ ወደ ሌላ ወሬ መግባት እችል ነበር። «ስሚኝ» አልኳት። «የስፖንሰሩ ነገር አይሆንም። ፕሮግራሙ ተዘግቷል። ክፍት የነበረ ጊዜ ደግሞ አልሞከርኩም። ሰው መጠየቅ ፈርቼ ነው። ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

ከኋላዋ የሞተር ሳይክል ድምፅ ይሰማል።

«ከፋሲካ በፊት ብትነግሪኝ» አለች፣ «አብራኝ የምትኖረው ልጅ ለካናዳ ስትመዘገብ አብሬያት እመዘገብ ነበር። እቴቴ ይዛልኛለች፣ ሁለት ቦታ ብጀምር ይበላሻል ብዬ ተውኩት።»

ይቅርታ ለማለት አፌን ከፈትኩ። ቀን ከሚስተር ፍሬድ የሰማሁት መልስ ትዝ አለኝና ተውኩት፤ ይቅርታው የሚያሳርፈው እኔን ነው። «አሁንስ ይመዘግባሉ?» አልኳት።

«እንጃ። ዛሬ ሄጄ እጠይቃለሁ።»

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ነገር ትልቅ አይደለም። መርዳት ያልቻለ ሰው «አልቻልኩም» የሚል ቃል በእጁ ይቀራል፤ እሱም የሚበደረው ወይም ማንንም የሚያስፈቅድበት ነገር አይደለም። ክላራ የጠየቀችው መጨረሻ ላይ ያንኑ ብቻ ነበር። እኔም ያንኑ ነበር የከለከልኩት፤ በየዋህነቴ ዝምታዬን ከእምቢታ የተሻለ ደግነት አድርጌ ቆጥሬው።

ሰብለ ስልኩን ልትዘጋ ስትል አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ቅጹ ላይ አሜሪካ ዘመድ አለሽ ወይ የሚል አለ ይላሉ። ስምና አድራሻ ይፈልጋል። ያንቺን ልጻፍ ወይስ ልተወው?»

«ጻፊው» አልኳት። «ብዕር አለሽ? ፊደሉን አንድ በአንድ ልንገርሽ።»