ደጅ ያስጠናኋት እናት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለራሴ የነፍስ አባት እንኳ ሌላ ሌላውን ስናዘዝ ይቺን እዘላታለሁ። የሰው ኃጢአት ስሰማ የምውል ቄስ፣ የራሴን ጉሮሮዬ ላይ አንቄ ይዤ ኖርኩ። እስቲ ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

የማገለግለው ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ደብር ነው። ያኔ የሣር ቤቴን አፍርሼ ቆርቆሮ ላለብስ ተነሥቼ ነበር። ወይ ቆርቆሮ! ቅዳሴ ላይ ቆሜ የማስበው ምስማር ነበር። ወንጌል እየተነበበ እኔ በልቤ እንጨት እጠርባለሁ። እግዚአብሔር የጠራኝ ለመቅደሱ ነው፤ የኔ ልብ ግን ጣራ ላይ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አናጺው ሙሔ ከላይ ሲመታ፣ እኔ ከታች ሳቀብል፣ አንድ የንስሐ ልጄ እየሮጠ መጣ። ሴት ልጃቸው ገና ሰማንያ ቀኗ አልሞላም፤ ከትናንት ጀምሮ ታማ አሁን ልትሞት ነው።

"አባ፣ ድረሱልን! እናቷ ታቅፋት ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀምጣለች። ሳትጠመቅ እንዳትሄድብን!" አለኝ።

"ሂድ፣ መጣሁ" አልኩት።

መጣሁ! ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር፣ ዝናቡ ሳይደርስ አንዲት ቆርቆሮ ላስመታ አልኩ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ደግሞ ሌላ። ሙሔ እንኳ መዶሻውን አቁሞ፣ "ኧረ ሂዱ አባ፣ በአላህ! ነፍስ እኮ ናት፤ እኔ እጨርሰዋለሁ" ቢለኝ፣ "አንተ ሥራህን ሥራ!" ብዬ ጮኽኩበት። ሙስሊሙ የኔን ክህነት አስታወሰኝ፤ እኔ ተቆጣሁ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ መጽሐፌንና ሜሮኑን ይዤ ስደርስ ሕፃኗ እናቷ እቅፍ ውስጥ አልፋለች። ጥፋቱ የኔ ነው ማለት አቃተኝ? አላቃተኝም፤ አልፈለግሁም። "ሜሮኑን ሳዘጋጅ ነው የቆየሁት" ብዬ ዋሸሁ። ይህም አልበቃኝ። "ትናንት ሲያማት ምነው አላመጣችኋትም?" ብዬ ተቆጣኋቸው። ያልተጠመቀች ናት ብዬም ከቅጥሩ ውጭ አስቀበርኳት። ሥርዓት ነው አልኩ። ሥርዓቱን ያፈረሰው ማን ሆነና!

ከወራት በኋላ እናትየዋ ንስሐ ልትገባ መጣች። የንስሐ ልጅን ቃል ማውጣት ሌላ ኃጢአት ነው፤ እሱም በኔ ላይ ይጨመር። "ልጄን ያለ ክርስትና ያስቀረኋት እኔ ነኝ፤ ምናለ በማግስቱ ከማመጣት እንደታመመች ባመጣኋት" ብላ አለቀሰች። ምን አልኳት? ጾምና ስግደት አዘዝኩባት። እኔ! ለኔ ጥፋት ለሷ ቀኖና ሰጠኋት። እሷም መስቀሌን ተሳልማ፣ "እግዜር ይስጥልኝ አባ" ብላኝ ሄደች።

ዝናብ መጥቶብኝ ነው ብዬ አልከላከልም። ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም፤ ሰይጣን መዶሻ አላቀበለኝም። እናንተንም ማሩኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

ይኸው ዓመታት አለፉ። በየዐቢይ ጾሙ ቀኖናዋን ፈጽማ ትመጣለች። ዘንድሮም መጣች፤ ጉልበቷ አብጦ ስትራመድ ታነክሳለች።

"አባ፣ አሁንም አልቀለለኝም፤ ጨምሩልኝ" አለችኝ።

ዛሬስ እነግራታለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ጨመርኩላት።