እሳት በሌለው ቤት የታጠነ ጋን

በዚያን ቀን ቤት ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፤ ታላቅ እህቴ፣ ለሥራው ብላ ከይፋግ የመጣች፤ የንስሐ አባታችን፣ በበሩ በኩል ካለው መደብ ላይ ተቀምጠው ዳዊት የሚደግሙ፤ እና እኔ። እናቴ የለችም። ጠላው የሚጠመቀው ለእሷ ሙት ዓመት ነው።

እናቴ ጠላ የምትጠምቀው በቡታ ጋዝ ነበር። እንኩሮውን፣ ማለትም በውሃ ለውሳ እስኪጠቁር የምታምሰውን የዳጉሳና የሩዝ ዱቄት፣ ስታገላብጥ ነበልባሉን አታየውም፤ ትሰማዋለች። ሽሽ የሚለው ድምፅ ሲሳሳ ትከፍታለች፣ ሲወፍር ትቀንሳለች። በመጨረሻው ሕመሟ ትንፋሿ ያንኑ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ከቀበርናት በኋላ ጋዙን በከፈትኩ ቁጥር አልጋዋ አጠገብ የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ሲሊንደሩን ዘግቼ ጥግ አቆምኩትና ወደ ኤሌክትሪክ ቀየርኩ።

ያስተማረኝ የለም። የተበላሸ የኤሌክትሪክ ምድጃ ፈትቼ አየሁና ሸክላ ላይ ቦይ አወጣሁ፣ ጥቅል ሽቦውን በቦዩ ዘረጋሁ፣ ብረት ድስቱ ሽቦውን እንዳይነካ ስስ ሸክላ ደረብኩበት። ኤሌክትሪኩ ሰው እንዳይዝ የመሬት ሽቦም አወጣሁለት። እንኩሮው ያለ ምንም ድምፅ ጠቆረ።

«ሠሪው ዝም፣ ምድጃው ዝም!» አለች አክስቴ። «ቤቱን ጣራ ገዳም አደረግኸው እኮ።»

«ገዳምስ ማገዶ አለው» አሉ የንስሐ አባታችን ቀና ሳይሉ።

ሳቅን። አክስቴ እየሳቀች ጋኑ ጋ ስትደርስ ቆመች። «ፍሙስ?»

ጋን በግራዋ ቅጠል ከታጠበ በኋላ በሚጨስ ወይራ ላይ ተደፍቶ ይታጠናል። የእናቴ ጠላ የሚታወቀው በዚያ ሽታ ነው። እሷ ወይራውን በጋዙ ነበልባል ነበር የምታቀጣጥለው። እኔ ስለ ሽቦው ሁሉን አስቤ ይህን አላሰብኩም። ጋዙን ካልከፈትኩ በቀር ቤቱ ውስጥ እሳት የሚባል ነገር አልነበረም።

«በክብሪት ልሞክር?»

«ወይራ በክብሪት? እንግዲያ በሽቦህ እጠነው!» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ያለዚያ ጢስ የሷ ጠላ አይደለም። ለሙት ዓመቷ የማንንም ጠላ አላቀርብም። ሂድ፣ ከጎረቤት እሳት ጫር።»

«ኤሌክትሪክ ያለው ሰው እሳት ይለምን ጀመር?» አለችኝ ጎረቤታችን፤ ግን ገል ላይ ፍም አድርጋ ሰጠችኝ።

ስመለስ አክስቴና እህቴ ጓሮ ከጉድጓዱ ውሃ ይቀዳሉ። ቤት ውስጥ ጋኑ ተደፍቷል። ከአፉ ሥር ቀጭን የወይራ ጢስ ይወጣል። በበሩ በኩል ያለው ጎኑ በትንሽ ድንጋይ ከፍ ብሏል፣ ልክ እናቴ እንደምታደርገው። አክስቴ የምታስደግፈው በእንጨት ነው።

«ማን አጠነው?» ብዬ ተጣራሁ።

እህቴ ባልዲውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። «አንተ አይደለህ እንዴ?»

«አሁን መምጣቴ ነው። ፍሙ ይኸው።»

አክስቴ ከኋላዋ ደርሳ ጢሱን አየች።

«አባ፣ እርስዎ ከዚሁ ነበሩ» አልኳቸው።

ጣታቸውን ዳዊቱ መሐል አድርገው ዘጉት። «የሴት ኮቴ ሰምቻለሁ። እህትህ መስላኝ ቀና አላልኩም።»

«እኔ ከጉድጓዱ አልተንቀሳቀስኩም» አለች እህቴ።

የሲሊንደሩን አንገት ነካሁ፤ እንደተዘጋ ነው፣ ቀዝቃዛ። ምድጃዬንም ከመሄዴ በፊት ነቅዬዋለሁ። ያመጣሁት ፍም ገሉ ላይ አመድ እየለበሰ በእጄ ጠፋ።

ጠላው ሲደርስ አክስቴ ቀመሰች። «የሷ ነው» አለችና ጣሳውን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች።

ጋዙን የተውኩት ያን ድምፅ ላለመስማት ነበር። አሁን እንኩሮ ሳምስ ምድጃው ዝም ይላል፣ እኔ ደግሞ በዝምታው ውስጥ ኮቴ አዳምጣለሁ።

በዚያን ቀን የነበራችሁ ሰዎች፣ የምታስታውሱትን እዚህ ጽሑፍ ላይ ጨምሩበት። እህቴ፣ ውሃ ስትቀጂ አክስቴ ካጠገብሽ አልተለየችም? አባ፣ ኮቴው የገባው በየት በኩል ነው? አክስቴ፣ አንቺ ከሆንሽ ለእኔ ብለሽ አትደብቂኝ፤ ፍሙን ከየት እንዳገኘሽ ብቻ ንገሪኝ። ድንጋይዋን ካለችበት አላነሳኋትም። መጥታችሁ እዩዋት፤ ማን እንዳስቀመጣት የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።