ሊያቀት ጀርባ ሲሰጥ

በላሆር ከተማ የኢችራ ገበያ ጨርቅ ነጋዴዎች በብዙ ነገር አይስማሙም፤ ስለ ሊያቀት ግን ቃላቸው አንድ ነው። ሻጭ የሆነው፣ አባቱ ሱቅ ስላወረሱት ነው እንጂ ተፈጥሮውስ የሻጭ አይደለም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አንዲት ገዢ «ተወው በቃ» ብላ ከሱቅ ስትወጣ ሌላው ሻጭ ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ ዝም ይላል። ሴትዮዋ የመስታወት አምባር መሸጫው ጋ ስትደርስ ዞራ ታያለች፤ ያልዞረች ሴት በኢችራ ታይታ አትታወቅም። ከዞረች ዋጋው የሻጩ ነው፣ ሻጩ ቀድሞ ከጠራት የእሷ ነው። ሊያቀት ግን ሦስት እርምጃ ሳትራመድ አንጀቱ አይችልም። «እህቴ፣ ነይማ! ምን ያስቆጣሻል?» ይላል፤ ጨርቁም በራሷ ዋጋ ይሄዳል።

ሚስቱን ራዚያንም ያገኛት በዚሁ በሽታው ነው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ለአጎቷ ልጅ ሠርግ አረንጓዴ ሐር ልትገዛ መጥታ የዋጋውን ግማሽ ሰጠችው፣ እምቢ ሲላት ወጣች። ያን ቀን ሊያቀት ጥርሱን ነክሶ ላለመጥራት ምሎ ነበር። ራዚያ አምባር መሸጫው ጋ ደረሰች፤ አልዞረችም። አለፈችው። ሊያቀት ሱቁን እንደተከፈተ ትቶ፣ ሐሩን በብብቱ ይዞ፣ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ሮጠ። ጨርቁን በእሷ ዋጋ ሰጣት፤ ልቡንም ምራቂ አድርጎ ጨመረላት።

ከሱቁ ፊት ለፊት የሃጂ ባሺር ጌም ቤት አለ። ሃጂ ደጁ ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጣሉ፤ የሚገባውንም የሚወጣውንም ሳይተርቡ አያልፉም። ከማሽኖቻቸው ሁሉ የሚወደደው የድብድቡ ጌም ነው። የተደባዳቢዎቹ ስም በባዕድ ፊደል ስለተጻፈ ማንም አያነበውም፤ ስለዚህ ገበያው ራሱ ስም አወጣላቸው። ሁሉም የሚሻማበት፣ ከእጁ እሳት የሚወረውረው ጎረምሳ «ነጭ ለባሹ» ተባለ። ማንም የማይነካው ሆዳም ሽማግሌ ደግሞ «ቻቻ» ተባለ፣ አጎቴ እንደማለት።

ቻቻ እሳት የለውም፣ መዝለልም አይሆንለትም። ነጠላ ጫማ ተጫምቶ ወገቡን እያከከ ይገባል። ድብድቡ በጦፈበት ሰዓት ድንገት ዞር ይልና ጀርባውን ለጠላቱ ሰጥቶ ጫማውን እየጎተተ መሄድ ይጀምራል። ገበያው የጌሙ ሠሪዎች ለሳቅ ብለው የጨመሩት ነበር የመሰለው። ሊያቀት ግን ያንን ጀርባ ባየበት ቀን የክንዱ ፀጉር ቆመ። ይህቺን ጀርባ ያውቃታል፤ በየቀኑ አሥሬ ከሱቁ ስትወጣ አይቷታል!

ከዚያ ወዲህ ቻቻ የእሱ ሆነ። ጀርባ የተሰጠው ተጫዋች ደሙ ይፈላል፤ «ምን ዓይነት ንቀት ነው!» ብሎ ይዘላል። ያኔ ቻቻ ሳይዞር ተረከዙን ወደ ኋላ ይወረውራል፣ ተረከዙም አገጭ አይስትም። የሚዘል ከጠፋ ግን ሽማግሌው ከንቱ ነው፤ ጀርባውን እንደሰጠ መከላከል አይችልም፣ ዞሮ እስኪመለስም ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ሊያቀት የሚጫወተው በሌላው ሰው ልብ ነው። ሁለቴ ጀርባ ይሰጥና ሳይመታ ይመለሳል። ያኛው «አሃ፣ ዝም ብሎ ነው» ብሎ በሦስተኛው ጠጋ ሲል ተረከዙን ይቀምሳል። በአራተኛው ፈርቶ ሲቆም፣ ቻቻ ቀስ ብሎ ይዞርና የቆመውን ሰው በጥፊ ያጮለዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ሊያቀት ፊት ግን የጠረጠረም ይመነጠራል።

ራዚያ ከምሳ በኋላ ሱቁን ግማሽ ሰዓት ትጠብቅለታለች። ያቺ ግማሽ ሰዓት ለሊያቀት ምን እንደሆነች የሚያውቅ የለም። ቀኑን ሙሉ በመጣ በሄደው ሲሸነፍ የሚውል ሰው ነው፤ እዚያ ሲገባ ግን ወጣቶቹ ቦታ ይለቁለታል፣ «መጣ!» ይባባላሉ። ይህን የመሰለ ደስታ ሌላ የትም የለውም።

ጣጣው የመጣው ባለፈው ሰኔ ነው። የራዚያ እናት ከጉጅራንዋላ አንድ ጆንያ ሩዝና አንዲት ዶሮ ይዘው በባቡር ሲመጡ፣ ሊያቀት ጣቢያ ሄዶ እንዲቀበላቸው ተነገረው። ሲያልፍ «አንድ ዙር ብቻ» ብሎ ጎራ አለ። በሃጂ ቤት ያሸነፈ አይነሳም፤ ሊያቀትም ያን ቀን አልሸነፍ አለ። አማቱ በዚያ ሐሩር ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ፣ ጠበቁ፤ ዶሮዋ እንኳ ሙቀቱን ሳትችል ሞተች። በሚቀጥለው ባቡር ወደመጡበት ተመለሱ፤ «ላሆርን ዳግመኛ ብረግጥ!» ብለውም ማሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሊያቀት ቤት ጣቢያ ያልተነሳበት ማዕድ የለም። ወጡ ጨው በዛበት ካለ «ጣቢያ ተጎልቶ ከመዋል ይሻላል» ነው መልሱ። ቢያስነጥስ ጣቢያ፣ ቢያዛጋ ጣቢያ።

በዚህ መሃል የራዚያ ታናሽ ወንድም ጉልፋም መጣ። ጉጅራንዋላ የትግል ተጫዋቾች አገር ናት፤ ሰዎቿም ይህን ለመናገር ጠያቂ አይጠብቁም። ጉልፋም ደረቱ ሰፊ፣ ትዕግሥቱ አጭር፣ በነጭ ለባሹም በከተማው አቻ የለኝም የሚል ነው።

«ጋሼ» አለ፣ እራት ላይ። «እናቴን እንደ ጆንያ ጥለሃት የቀረኸው ለዚያ ሆዳም ሽማግሌ ነው?»

«ሆዳም አትበለው።»

«አንድ ቀን አገናኘኝ። ጠራርጌ ነው የማስወጣው።»

ራዚያ እንደ አገሯ ደንብ ባሏን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ሰማህ?» አለችው። «ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ እያየ ተጋጠሙ። እሱ ካሸነፈህ ከእንግዲህ የሃጂን ደጃፍ አትረግጥም።»

ሊያቀት ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰ። «እኔ ካሸነፍኩስ?»

«ምን ይሰጥህ?»

«ጣቢያ የምትባል ቃል ዳግመኛ ከአፍሽ አትውጣ።»

«እሺ» አለች።

ራዚያ ሳትከራከር እሺ ብላ አታውቅም። እዚያው መጠርጠር ነበረበት፤ እሱ ግን ሐሳቡ ጣቶቹ ላይ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ራዚያ ቁርስ እያቀረበች «ሰማህ?» አለች። «እናቴ በስንት ልመና እሺ ብላለች። ዛሬ በአሥር ሰዓቱ ባቡር ትመጣለች። ሁለታችሁም ሄዳችሁ ትቀበሏታላችሁ።»

«እሺ» አለ ሊያቀት፣ አውራ ጣቱ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቻቻን እያዞረ።

«እሺ» አለ ጉልፋም፣ ሐልዋ በሚባለው ጣፋጭ አፉ እንደተሞላ።

ከምሳ በኋላ የሃጂ ቤት ሰው በሰው ሆነ። ጉልፋም ነጭ ለባሹን፣ ሊያቀት ቻቻን ያዘ። ከሦስቱ ዙር ሁለቱን የወሰደ ያሸንፋል።

«ጉልፋም!» አሉ ሃጂ ከበርጩማቸው። «ቀስ በል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!»

«እኔ አልቸኩልም ሃጂ» አለ ጉልፋም። ሰው ሳቀ።

የገረመው ግን አለመቸኮሉ ነበር። ቻቻ ጀርባውን ሰጠ፤ ነጭ ለባሹ ቆመ። ቻቻ ተራመደ፤ ነጭ ለባሹ ንቅንቅ አላለም። ሊያቀት ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚዘል ጠፋ። በመጨረሻ አንጀቱ አልችል አለና ዞረ፤ ነጭ ለባሹም ይህችን ነበር የሚጠብቃት፣ ሲዞር ጠብቆ በእሳት ለበለበው። ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ ጠበቀው፤ ደግሞ ተመለሰ፤ ደግሞ ተመታ። የመጀመሪያው ዙር ሆዳሙ ሽማግሌ መሬት ላይ ተዘርሮ አለቀ።

«ይመለሳል» አለ ጉልፋም ፈገግ ብሎ። «አትንካው፣ ራሱ ይመለሳል።»

ሊያቀት ይህን ሲሰማ ጠረጠረ። ይህ ትዕግሥት ለሻይ እንኳ እስኪበርድ የማይጠብቀው የጉልፋም ሊሆን አይችልም። በበሩ በኩል ወደ ሱቁ አየ። ራዚያ ለአንዲት ደንበኛ ጨርቅ ትለካለች፤ ዓይኗን እንኳ ወደዚህ አላነሳችም። ያኔ ገባው። እየተጋጠመ ያለው ከሚስቱ ጋር ነው! ሄዶ መቅረት የማይችል ሰው መሆኑን ከእሷ ሌላ ማን ያውቃል? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተጣልቶ በወጣ ቁጥር ሻዩ ሳይበርድ ነው የሚመለሰው። እሷ ደግሞ አንድም ቀን ጠርታው አታውቅም።

አዘነ፣ ደግሞም ሳቁ መጣ። ሁለተኛውን ዙር ጀርባ የሚባል ነገር ሳያሳይ ገጠመ። ቻቻ ፊቱን ወደ ጠላቱ አዙሮ፣ እንደማንኛውም ተደባዳቢ፣ ሆዱን እያስቀደመ በቡጢ ገባ። ጉልፋም የተማረው ስለ ጀርባ ብቻ ነበርና ጀርባውን ሲጠብቅ ተነረተ።

«አጎትዬው ዛሬ ፊት አለው ለካ!» አሉ ሃጂ፤ ቤቱ ተንጫጫ።

ሦስተኛው ዙር ሲጀመር ጉልፋም የእህቱን ምክር መልሶ ጨብጦ ነበር። ሊያቀት ተጠግቶ ከቻቻ ምቶች ሁሉ ትንሿን፣ ለዝንብ እንኳ የማትበቃዋን ጥፊ አሳረፈ። የነጭ ለባሹ ጉልበት ከላይ ባለው መስመር ላይ የጥፍር ያህል ቀነሰች። ከዚያ ቻቻ ጀርባውን ሰጠ፣ ጫማውን እየጎተተ መሄድ ጀመረ።

ጉልፋም ቆመ። «ይመለሳል።»

ቻቻ ሄደ። ስክሪኑ መጨረሻ ደርሶ ግድግዳውን ተደግፎ ወገቡን አከከ። ሊያቀትን ዙር፣ ዙር አለው ሰውነቱ ሁሉ፤ ያቺ የድሮ በሽታው ጣቶቹ ላይ ወጣች። እጀታውን ለቆ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸሸገ።

«ይመለሳል» አለ ጉልፋም፣ ድምፁ ግን ሳሳ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የዙሩ ሰዓት እየቆጠረ መሆኑን ከጉልፋም በቀር ሰው ሁሉ አየ። ሰዓቱ ሲያልቅ ጉልበት የተረፈው ያሸንፋል፤ ቻቻም በጥፍር ያህል ይበልጣል። «ሰዓቱን! ሰዓቱን እየው!» ብሎ አንዱ ሲጮህ ጉልፋም ቀና አለ፣ ነጭ ለባሹን አስፈነጠረው። እሳቱን ሳይወረውር ደወሉ ጮኸ። ቻቻ አልዞረም፤ ጀርባውን እንደሰጠ አሸነፈ።

ሃጂ ከበርጩማቸው ሊወድቁ ደረሱ። «አገር ጥሎ ሄደ! ሽማግሌው የእውነቱን ሄደ!»

«ሌላ ዙር!» አለ ጉልፋም። «ይሄ ድብድብ አይደለም! ይሄ ሽሽት ነው!»

ሊያቀት መንገዱን አቋርጦ ሱቁ ገባ። ራዚያ የተዘረጋ ጨርቅ ታጣጥፋለች።

«አሸነፍኩ።»

«ጩኸቱን ሰማሁ። እንዴት አድርገህ?»

«ሄድኩ። ሄጄ ቀረሁ።»

ራዚያ ማጣጠፏን አቆመች። «አንተ?»

«እኔ።»

ትክ ብላ አየችው። ከንፈሯ ዳር ላይ ፈገግታ ብቅ አለና ዋጠችው። «ሌላ ቦታ እንዳትለምደው» አለች።

«ቃልሽስ? ያቺን ስም…»

«አልጠራም አልኩ እኮ።» የግድግዳውን ሰዓት አየት አደረገች፣ ጨርቁን እጁ ላይ ጣለችለት፣ ሻርፗን ራሷ ላይ ሳብ አደረገች። «በል፣ እኔ ልሂድ።»

«ወዴት?»

«ስሙን መጥራት ተከልክያለሁ።» ወጣች።

ሃጂ ከማዶ ተጣሩ። «ሊያቀት! ሴትዮህ ምን ሆና ነው?»

«ተናዳ ነው። ተዋት ሃጂ፣ አምባር መሸጫው ጋ ትዞራለች» አለ ሊያቀት። ያሸነፈ ሰው ነውና ግድግዳውን ተደግፎ፣ ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ ጠበቀ። በሕይወቱ እንዲህ ሻጭ መስሎ አያውቅም።

ራዚያ አምባር መሸጫው ጋ ደረሰች። አልዞረችም። አለፈችው።

«ስሙን መጥራት ተከልክያለሁ» ሲል ሊያቀት ለራሱ ደገመው። ሰዓቱን አየ። ጨርቁን በብብቱ አደረገ።

«ጉልፋም!» ብሎ ጮኸ።

«ሌላ ዙር?» አለ ጉልፋም ከጌም ቤቱ ብቅ ብሎ።

«እናትህ!»

ጉልፋም እጅጌውን መሰብሰብ ጀመረ። «ምን አልክ? ተሸንፌ ደግሞ ትሰድበኛለህ?»

«እናትህ፣ አንተ በሬ! ባቡሩ! አሥር ሰዓት!»

ጉልፋም ፊቱ አመድ መሰለ። ሊያቀት ግን እሱን አልጠበቀም። «ሃጂ፣ ሱቁን አደራ!» አለና ጨርቁን በብብቱ እንደያዘ፣ አንድ ነጠላ ጫማው መንገድ ላይ እየቀረ፣ በገበያው መሃል ሮጠ። ግራና ቀኝ ያሉት ሻጮች እያጨበጨቡ «ይመለሳል! ይመለሳል!» ይሉታል። ሳቃቸው እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ተከተለው።

ራዚያ እዚያ ቆማ ነበር። አንዱን አውቶቡስ ሆን ብላ አሳልፋዋለች። ከኋላዋ የአንድ ጫማ ኮቴና ማለክለክ ስትሰማ ፊቷን ሳታዞር «ና ቶሎ፣ የሚቀጥለው መጣ» አለችው።